ዶሮዎቹ ያልነኩት ምግብ

ወይዘሮ የሺአረግ ከዶሮ ቤታቸው ደጃፍ በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። ከጆሯቸው በላይ ያለው ቁስል ደም አድርቆ፣ ነጠላቸው ጭቃ ጠጥቷል። ከእጃቸው አጠገብ የብረት ሳህን ተገልብጦ የምግብ ትርፍራፊ ተበትኗል። ዶሮዎቹ በሽቦው ውስጥ ተጠጋግተው አንገታቸውን ወደ አስከሬኑ አስግገዋል። የሚያሰሙት ድምፅ የተለመደው የጠዋት ጩኸት አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሴቶች ዝቅ አድርገው የሚያንጎራጉሩት ዓይነት ነበር።

ግቢው ከመገናኛ ወደ አያት ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በአዳዲስ ፎቆች መሀል ተውጦ የቀረ አሮጌ ይዞታ ነው። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ብቻ ታየዋለች። ኢንስፔክተር ምንትዋብ በሩን አልፋ ስትገባ አንዳች ብርድ ትከሻዋን ነካው። ብዙ አስከሬን አይታለች፤ የዚህ ግቢ ዝምታ ግን ሰው ሰው የሚሸት ነበር።

«አዳልጧቸው ነው» አለ ከኋላዋ አንድ የጎልማሳ ድምፅ። የሟች አማች ታዴዎስ ነው፤ በጓሮው ሰርቪስ ቤት ይኖራል። «ማለዳ ተነስተው ዶሮ ሊመግቡ ወጥተው ነው። እነዚህ ዶሮዎች አንድ ቀን ይገድሉዎታል እላቸው ነበር።»

ምንትዋብ ጎንበስ ብላ የተበተነውን በእስክሪብቶ ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። የሽንኩርት ቅርፊት፣ የሻይ ቅጠል ዝቃጭ፣ የአቮካዶ ልጣጭ። ቀና ስትል የዶሮ ቤቱ በር ከውጭ በሽቦ እንደተጠመጠመ አየች። አስከሬኑ ሲነሳ ደግሞ የነጠላቸው ጫፍ መቋጠሩን አስተዋለችና ፈታችው። አፈር የጎረሰ ትንሽ የብር መስቀል ወጣ። ማንም ሳያይ ኪሷ ከተተችው።

ሬሳውን ያገኘችው የአጥሩ ጎረቤት ሳና ናት። መገናኛ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ሱቅ ከመሄዷ በፊት የቤቷን ትርፍራፊ ለዶሮዎቹ ማድረስ ልማዷ ነው። ያመጣችው ሳህን አሁንም እጇ ላይ ነበር።

«ወይዘሮ የሺአረግ ዶሮዎቹን እንዴት ነበር የሚመግቡት?» አለች ምንትዋብ።

«መመገብ አይባልም፣ መለመን ነው እንጂ!» ሳና እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «እንደ ሙሽራ ነው የሚለመኑት። ጎመኑ ካልተከተፈ አይነኩም። እንጀራው ከደረቀ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ውሃ ነካ አድርገው ነው የሚሰጧቸው። ሽቦ ውስጥ ሆነውም አይበሉም። እትዬ በሩን ከፍተው ያስወጧቸውና እዚያች ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ከመዳፋቸው ያጎርሷቸዋል።»

«የአቮካዶ ልጣጭስ ይወዳሉ?»

ሳና ደነገጠች። «አቮካዶ? ወላሂ እትዬ ይህን አይሰጡም! ባለፈው ክረምት ነጯ ዶሮ ልጣጩን በልታ ሞተችባቸው። እንደ ሰው ነው ያለቀሱላት። ከዚያ ወዲህ እኔንም፣ ወንድማቸውን ጋሽ ዓለምሰገድንም፣ ሳህናችንን ሳይፈትሹ አያስገቡንም ነበር።»

«ታዴዎስንስ?»

«እሱ ያኔ ለሥራ ሐዋሳ ነበር። ቢኖርስ? ወደ ዶሮዎቹ ዞር ብሎ አያይም።» ሳና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰሞኑን ግን ዶሮዎቹም ልማዳቸውን ለውጠው ነበር። ዝናቡ አፈሩን ካለሰለሰው ወዲህ የምንሰጣቸውን ትተው ከጓሮው ጊሽጣ ዛፍ ሥር ነው የሚጭሩት። ትናንት ከሰዓትም እዚያው ሲጭሩ ትቻቸው ሄድኩ።»

ምንትዋብ ወደ ጓሮው ጥግ ተመለከተች። ከጊሽጣው ሥር ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል።

ወጥ ቤት ስትገባ ሁለት ባልዲዎች ጎን ለጎን አገኘች። አንደኛው የቆሻሻ ነው፤ ተራግፎ ባዶ ሆኗል። ሁለተኛው ክዳን አለው። ስትከፍተው በደቃቁ የተከተፈ ጎመን፣ በውሃ የራሰ እንጀራ፣ ተፈጭቶ የተነሰነሰ የእንቁላል ቅርፊት አየች። ጎመኑ ጠውልጓል። ባልዲው እስከ አፉ ሙሉ ነው። አሮጊቷ የመጨረሻውን ራት ለዶሮዎቻቸው ሲያዘጋጁ እጃቸው እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበር በዓይኗ መጣባት፤ ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው።

የሟች ወንድም አቶ ዓለምሰገድ ከቦሌ አራብሳ ደረሱ። የመንግሥት ሥራ ላይ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ምንትዋብ ወንበር አቀረበችላቸው።

«እህትዎ ልጅ የላቸውም?»

«አንዲት አለቻት፣ ዕፀገነት። የታዴዎስ ሚስት። ከስድስት ዓመት በፊት ቤሩት ሄደች።»

«ከሄደች ወዲህ አነጋግረዋት ያውቃሉ?»

«እኔስ አላውቅም። ሰላምታዋን ታዴዎስ ነው የሚያደርሰን።» ሽማግሌው ወደ መሬት አዩ። «እህቴ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሌላ ነገር ትል ጀመር። ‹ልጄ ከዚህ ግቢ አልወጣችም፤ ስተኛ ትጠራኛለች› ትለኝ ነበር። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ምንትዋብ መስቀሉን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«የዕፀገነት ናት! እኔ ነኝ ለሠርጓ የሰጠኋት። ከአንገቷ አውልቃት አታውቅም።»

«ለጊዜው ለማንም አይናገሩ፣ አባቴ።»

ታዴዎስን ያነጋገረችው ጊሽጣው አጠገብ ቆማ ነው።

«ይህን ድንጋይ ማን አስቀመጠው?»

«እኔ። ዶሮዎቹ የዛፉን ሥር እየጫሩ አስቸገሩ። ሳምንት አለፈው።»

«ባለቤትህን አየር ማረፊያ ድረስ ሸኝተሃታል?»

«እንዴታ።»

«የብር መስቀል ነበራት አሉ። ይዛው ሄደች?»

ታዴዎስ ሳያመነታ መለሰ። «አንገቷ ላይ ነበር። በሩ ላይ ስማው ነው የገባችው።»

ምንትዋብ ራሷን ነቀነቀች። እሱ ዞር ሲል የድንጋዩን ጠርዝ በሁለት እጇ ብድግ አድርጋ ከሥሩ አየች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች አካፋ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ዶሮዎቹ ገና አልተለቀቁም።

«ወይዘሮ የሺአረግ አዳልጧቸው አልሞቱም» ብላ ጀመረች። «ማለዳም አልሞቱም። የትናንት ማታ የዶሮ ራት ተከትፎ፣ ርሶ፣ ክዳን ተከድኖበት ወጥ ቤት ተቀምጧል። ዶሮዎቻቸውን ከራሳቸው አስቀድመው የሚያበሉ ሴት ያንን ባልዲ ሞልተው ጾማቸውን አያሳድሯቸውም። ስለዚህ የሞቱት ትናንት አመሻሽ፣ ምግቡን አዘጋጅተው ሳያቀርቡት ነው።»

«እንግዲያ ማታ ሲመግቡ ወድቀዋላ!» አለ ታዴዎስ።

«በሩ ከውጭ ታስሮ? ሳና እንደነገረችኝ ዶሮዎቹ ሽቦ ውስጥ ሆነው አይበሉም። ደግሞ የተበተነውን ተመልከቱ። የሻይ ዝቃጭ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ አቮካዶ። ይህ የዶሮ ምግብ ሳይሆን ከቆሻሻው ባልዲ የተገለበጠ ነው። አንድ ሰው አስከሬኑን እዚህ አጋድሞ፣ ዶሮ ሲመግቡ የወደቁ ለማስመሰል ያገኘውን በተነ። ይህ ሰው አቮካዶ በዚህ ግቢ የተወገዘ መሆኑን አያውቅም። ሳና ታውቃለች። አቶ ዓለምሰገድ ያውቃሉ። ሁለቱም በር ላይ ተፈትሸዋል።»

ታዴዎስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በልጣጭ ሰው ሊከሰስ?»

«በልጣጭ ብቻ አይደለም። ድንጋዩን ሳምንት አልፎታል ብለኸኛል። ሳና ግን ትናንት ከሰዓት ዶሮዎቹ እዚያው ቦታ ሲጭሩ ትታቸው ሄዳለች። ከጠርዙ ሥር የተጨፈለቀው ሣር አሁንም ለምለም ነው፤ ሳምንት ድንጋይ የተጫነው ሣር ይገረጣል። ያስቀመጥከው ትናንት ማታ ነው። ለምን?» መስቀሉን ከኪሷ አውጥታ በጣቶቿ አንጠለጠለችው። «ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ ታወጣለች ይባላል። እነዚህ ግን ይህንን አወጡ። እናትየው አገኙት፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ከዚያ ወዳንተ መጡ። አየር ማረፊያ በር ላይ ተሳመ ያልከኝ መስቀል ጓሮህ አፈር ውስጥ ምን ይሠራል?»

ታዴዎስ መስቀሉን ማየት አልፈለገም፤ ዓይኑ ግን ከእሱ አልተነቀለም።

«አላሳዩኝም» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። «መስቀሉን አላሳዩኝም። ‹ልጄን አምጣት› ብቻ ነው ያሉኝ። ደጋግመው፣ ደጋግመው። ዝም እንዲሉልኝ ነበር የመታኋቸው...»

«ዕፀገነትስ?»

«እሄዳለሁ አለች። ትኬቷን አሳየችኝ። ገፋኋት፤ ደረጃው ላይ ወደቀች።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ስድስት ዓመት እሷ ካለችበት ሃያ እርምጃ ርቄ ነው የተኛሁት። እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ።»

አቶ ዓለምሰገድ ተነሱ። የሚመቱት መስሎ ነበር፤ ግን አልፈውት ሄደው ድንጋዩ አጠገብ ተንበረከኩና ካፖርታቸውን አውልቀው መሬት ላይ ዘረጉ። ሳና ከጎናቸው ሆና ክንዳቸውን ያዘች። ፖሊሶቹ መቆፈር ሲጀምሩ ከአጥሩ ማዶ ካለው ሕንፃ የሚመጣው የመዶሻ ድምፅ እንኳ የራቀ መሰለ።

እናትና ልጅ በአንድ ቀን እንዲቀበሩ ተወሰነ። በቀብሩ ዋዜማ ካህኑ ለፍትሐቱ የሁለቱን የክርስትና ስም ጠየቁ። የእናትየውን አቶ ዓለምሰገድ ተናገሩ። የልጅቱን ግን አላወቁም። የክርስትና እናቷ ቀድመው ሞተዋል፤ የወለዷት እናት ሬሳ ሆነው ተጋድመዋል።

«ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል» አሉ ሽማግሌው ለምንትዋብ። «እኔ ልጠይቀው አልችልም። እባክሽ፣ ልጄ።»

ምንትዋብ ወደ ማረፊያ ቤት ሄደች። ታዴዎስ ከተያዘ ወዲህ ምግብም አልቀመሰ፣ ቃልም አልተነፈሰ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል። የመጣችበትን ነገረችው። እንደማይመልስላት ገምታ ልትወጣ በሩን ስትገፋ ድምፁን ሰማች።

«ወለተ ሥላሴ» አለ። ከዚያም አንድ ጊዜ ደገመው፤ ሁለተኛው ለምንትዋብ አልነበረም።