ያረፈደችው ምድር

ንጉሥ አዝሬል በነገሠ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በመጀመሪያው ማለዳ፣ በጌልዋን አገር ሰማይና መንግሥት ተጣሉ። የጠቡ መነሻ አንዲት ቅጽበት ናት፤ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ የምትፈጀው ያችው።

ሌላ አገር ቢሆን ለዚህ ብሎ ማንም ከእንቅልፉ አይነሣም። ጌልዋን ግን ሰዓት አምላኪ አገር ነበረች። በቤተ መንግሥቱ አደባባይ ሦስት ፎቅ የሚያህል የነሐስ ሰዓት ቆሟል። ከተራራ የሚወርድ ውሃ መንኰራኵሩን ያዞረዋል፤ በየማለዳው ፀሐይ በምትወጣበት ቅጽበት መዶሻው ወርዶ ታላቁን ከበሮ ይመታል። ከሰዓቱ በላይ ባለው ማማ ላይ ደግሞ ጎሕ ነጋሪ ይቆማል፤ የፀሐይን ግንባር እንዳየ «ነጋ!» ብሎ ይጮኻል። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ከበሮውና ጩኸቱ አንድ ድምፅ ነበሩ። በቅጥሩ በር ላይ «ከበሮና ፀሐይ እንደተለያዩ ዓመት ቢሞላቸው ዙፋን ይሰነጠቃል» የሚል ትንቢት ተቀርጿል። በመንኰራኵሩ ላይም «የንጉሥን ሰዓት የነካ እጅ ይቆረጥ» የሚል ሕግ።

በዚያን ዕለት ከበሮው ተመታ፤ ጎሕ ነጋሪው ተመልከት ግን ዝም አለ። ወዲያው «ነጋ!» ሲል ተሰማ፤ ፀሐይም ወጣች።

«ከበሮው ሲመታ ለምን ዝም አልህ?» ብለው ጠየቁት።

«አልነጋማ!» አለ።

ለዚህች አንዲት ቃል እግር ብረት ገባለት።

አርባው የጌልዋን መኳንንት ለምክር ተሰበሰቡ። ምክር ከተባለ ነው እንግዲህ! አንዱ ፀሐይ በሌለችበት ትከሰስ አለ። ሁለተኛው ሕዝቡ በሙሉ ጎሕ ሲቀድ ዐይኑን ይጨፍን፣ ያላየ አይመሰክርም አለ። ሦስተኛው፣ በአገሩ ጠቢብ የሚባለው፣ «ቅጽበቷ መቶ ዓመት ትጠራቀም፤ ያኔ የልጅ ልጆቻችን ይጨነቁባታል» ብሎ ብዙ ጭብጨባ አገኘ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የሚለውን ተረት በልጅነታቸው የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ።

በመጨረሻ ሊቀ ሰዓት ዓለምሰገድ ተነሣ። ጢሙን ሽቶ የሚቀባ፣ የማዕረጉ ስም ሰዓት ቢሆንም ጎሕ ሲቀድ አንድም ቀን ነቅቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ሰዓቱ አይሳሳትም!» ሲል ደነፋ። «የተሳሳተችው ምድር ናት። ምድርን የሚያዞራት በሬ፣ ቦራ፣ ሰንፏል። የነገሥታቱ አለንጋ ይላክለት! ዓመቱ ሞልቶ በዘመን መለወጫ ማለዳ ከበሮውና ጩኸቱ ካልገጠሙ፣ የነጋሪው አንገት በማማው ላይ ይቀላ!»

ከአዳራሹ በር ላይ አንዲት ልጃገረድ ለአቤቱታ ቆማ ነበር። ንጋቷ ትባላለች፤ የተመልከት አንድ ልጁ ናት። አባቷ ያላየውን ተናግሮ እንደማያውቅ፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ያዩትን ተናግረው እንደማያውቁ ታውቃለች። ንቀት በጉሮሮዋ እንደ ኮሶ መረራት። ቢሆንም ነገሩ የአባቷ አንገት ነውና ዋጠችው።

«እኔ እሄዳለሁ!» አለች። «በአባቴ ዐይን እምላለሁ፤ ከበሮንና ፀሐይን ሳላስታርቅ አልመለስም!»

ከመኳንንቱ መካከል መንገዱን የተመኘ ስላልነበረ ሁሉም ፈጥኖ መረቃት። ለክብር ያህል የአለንጋ ሹሙ ድልነሣው አብሯት እንዲሄድ ታዘዘ። ይህ ሰው አሥራ ስድስት ማዕረግ ነበረው፤ ሲያስነጥሰውም ማዕረጎቹ ተቆጥረው ነው ይማርህ የሚባለው።

አርባ ቀን ከተጓዙ በኋላ የጥላ በሎች በረሃ ደረሱ። ጥላ በሎች ከአሸዋ ሥር የሚወጡ፣ አፍ እንጂ ዐይን የሌላቸው አውሬዎች ናቸው። የሰው ሥጋ አይነኩም፤ ጥላውን ነው የሚበሉት። ጥላው የተበላበት ሰው ማን እንደሆነ ይረሳል። ንጋቷ ግን ያደገችው ፀሐይ በሚጠበቅበት ማማ ላይ ነው። «ጌታዬ፣ ልክ በስድስት ሰዓት ጥላችን ከጫማችን ሥር ይገባል። ያኔ ሮጠን እንሻገር» አለችው።

«በቀትር ሮጬ ልጥቆር? እኔ ድልነሣው?» አለና የሐር ጥላውን ዘረጋ። ጥላ በሎች መሀል ጥላ ዘርግቶ መግባት! አውሬዎቹ እንዲህ ያለ ግብዣ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ንጋቷ ጎትታ ባታወጣው ኖሮ የጫማውን ጥላ እንኳ አይተዉለትም ነበር። ራሱን ስቶ ቆይቶ ሲነቃ አሥራ ስድስቱም ማዕረግ ከራሱ ጠፍቷል። «ስሜ ማን ነው፣ እኅቴ?» አላት በትሕትና። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ይቀዳል፣ በቅሎዋን ያጠጣል፤ በአጭሩ ሰው ሆነ።

በመቶ ሰማንያኛው ቀን የምድር ዳርቻ ላይ ቆሙ። ቦራ የበሬ ልክ አልነበረም፤ ቀንዶቹ ደመናውን ይሰነጥቁታል፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ነጭ ምልክት አንድ ማሳ ታህላለች። በምድር ምሰሶ ዙሪያ፣ እስከ ጕልበቱ በውቅያኖስ ውስጥ ሰጥሞ፣ ሳያቋርጥ ይዞራል። ጨረቃ ውሃውን ወደ ኋላ ስትስበው ውሃው እግሩን ይይዘዋል፤ እሱም ጎትቶ ያስለቅቀዋል። አጠገቡ አንዲት አሮጊት እየዘፈኑለት ይሄዳሉ፤ የበሬው ጠባቂ እማማ ዝማም ናቸው።

«እማማ፣ እንዲፈጥን ልገርፈው ተልኬ ነው» አለች ንጋቷ፣ አፍራ።

«ግረፊያ! ባዶ ቦታ ካገኘሽለት» አሉ አሮጊቷ። የበሬው ጎን ከላይ እስከ ታች ሰንበር ነበር። «እዚህ አለንጋ ያልላከ ንጉሥ የለም። እሱ እንደሁ አልፈጠነም። ብትጨክኚበት ይወድቃል፤ ያኔ የሚዘገይ ቀን ሳይሆን የማይመጣ ቀን ታያላችሁ።»

«ካልገረፍሁት አባቴ ይሞታል። ምን ላድርግ?»

«አራሽ አይተሽ አታውቂም? ከተጠመዱት አንዱ ሲደክም ብርቱውን ያዝ ያደርጉታል እንጂ ደካማውን አይገድሉትም።»

ንጋቷ ገባት። የደከመው በሬ ምድር ናት፤ ብርቱው ሰዓቱ ነው። ያዝ የሚያደርገው እጅ ምን እንደሚጠብቀውም ገባት፤ ሕጉን ፊደል ከለየችበት ጊዜ ጀምሮ ስታነበው ኖራለች። በጣም ፈራች። አለንጋውን ወደ ባሕሩ ወረወረችውና ፊቷን ወደ አገሯ መለሰች። ድልነሣው የበሬውን እግር እያጠብሁ እኖራለሁ ብሎ ቀረ፤ ከሹመቱ ሁሉ ለአገር የጠቀመው ይኸኛው ነው።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ጌልዋን ገባች። ዓለምሰገድ ቦራን ሳትገርፍ እንደተመለሰች ሲሰማ ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ልጄ፤ አባትሽ ነገ ከከበሮው እኩል ይጩኽ። አንቺም በሬው ተገርፎ ፈጠነ ብለሽ ማዪ። ማን ያያል? ዐይን ጨፍነው እስኪገልጡ ናት እኮ!»

«ይህን ያህል ትንሽ ከሆነች ዓመት ሙሉ ለምን አሠሩት?» አለችው። ቢሆንም የአባቷ ነፍስ ነውና ወህኒ ወርዳ ነገረችው።

ተመልከት ከስቶ ነበር፤ ዐይኑ ግን ያው ነው። «ያላየሁትን ጮኼ ብኖር፣ ከነገ ወዲያ ነጋ ስል ማን ይነሣል?» አላት። «ይልቅ አንቺ በልተሻል?»

ማለዳ ተመልከትን ማማው ላይ አወጡት፤ ሰያፊው ከኋላው ቆመ። ከበሮው ተመትቶ ነጋሪው ዝም ካለ ሰይፉ ይወርዳል። ንጉሡ በዙፋኑ፣ አርባው መኳንንት በካባቸው ተሰልፈዋል። መንኰራኵሩ እየቆጠረ መጣ፤ መዶሻው ተነሣ። ምሥራቁ ገና ግራጫ ነው።

ንጋቷ ከሕዝቡ መሀል ወጥታ ቀኝ እጇን በመንኰራኵሩ ጥርስ ውስጥ አስገባችና ያዘችው።

ሰዓቱ ቆመ። ሦስት መቶ ዓመት ያላቋረጠው ድምፅ ሲጠፋ ሰው ጆሮው የደነቆረ መሰለው። «ሰዓቱ! ሰዓቱን ነካች!» እያለ ዓለምሰገድ እንደ ተነከሰ ሰው ጮኸ። ነሐሱ አጥንቷን ሲሰብረው ይሰማታል። ዐይኗን ከማማው አልነቀለችም። መዶሻው በአየር ላይ ነው፤ ሰይፉም እንደዚያው።

«ነጋ!» አለ አባቷ።

ለቀቀችው። ከበሮው ተመታ፤ የፀሐይም የመጀመሪያ ጨረር በቅጥሩ በር ላይ አረፈ። አደባባዩ በእልልታ ተናወጠ። ሰያፊው ሰይፉን ወደ አፎቱ መለሰ፤ ተመልከትም በሕይወት ኖረ።

ዓለምሰገድ ወዲያው መልኩን ቀየረ። «ፀሐይ ለግርማዊነትዎ ታዘዘች!» ብሎ ሰገደ፤ አርባው አጨበጨቡ። ሕግ ግን ሕግ ነው ተባለ። ንጉሡ ምሕረት ለማድረግ አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ቁርሱ እየቀዘቀዘ ስለነበር ሳይናገር ገባ። እጇን ቆረጡት። ጮኸች። ጀግና አይጮኽም የሚሉ እጃቸው ተቆርጦ የማያውቅ ናቸው።

በወሩ ሊሸልሟት ከአባቷ ጋር ጠሯት። አጋፋሪው በትሩን መሬት ላይ መታ። «ለግርማዊ ንጉሥ አዝሬል እጅ ንሺ!»

ንጋቷ የተጠቀለለውን ክንዷን ከነጠላዋ አወጣች። «እጄንማ እናንተ ነሣችሁኝ። አሁን ደግሞ ምኔን ልንሣ?»

ንጉሡ በዙፋኑ ላይ ተቁነጠነጠ። «ምድር… ደግማ ታረፍዳለች?»

«ታረፍዳለች፤ ቦራ አርጅቷል። በሦስት ዓመት እንደገና አንድ እጅ ያስፈልጋችኋል።» ከዳር እስከ ዳር ቃኘቻቸው። «እዚህ ሰማንያ አይቻለሁ።»

ሰማንያው እጅ በአንድ ጊዜ ካባ ሥር ገባ። የጌልዋን መኳንንት ከዘመን ዘመን እኩል ሰዓት የጠበቁት ያን ዕለት ብቻ ነው።