እጄ ያወጣው ምስጢር

መጀመሪያ ያወቅኩት ክንዱን ነው። ቤተ ሙከራችን በዘር በሚወረስ በሽታ ጡንቻቸው ቀስ በቀስ እየሟሸሸ የሚያልቅባቸውን ሰዎች ያጠናል። እሱ ግን ታማሚ አልነበረም፤ ታማሚዋ እህቱ ናት። እሱ ለማነጻጸሪያ፣ ጤነኛው ወንድም ተብሎ ነው የመጣው። መስታወት ገጣሚ ነው፤ ክንዱም ያንኑ ይመሰክር ነበር።

ቅጹን አነበብኩለት። «ውጤቱን ማወቅ ይፈልጋሉ?» ከሚለው ጥያቄ ሥር ሁለት ሳጥኖች አሉ። ብዙም ሳያስብ «አልፈልግም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አልኩት።

«የመጣሁት ለእህቴ ነው። ደግሞ ቆዳዬን ልትቆርጪ ተዘጋጅተሽ እርስዎ ማለት ምን ይባላል? አንተ በይኝ።»

ሳቅኩ። እኔ በሥራ ቦታ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ባልደረቦቼ ፊቴን ባዩ ቁጥር ማን ሞተብሽ ይሉኛል። ከክንዱ ምስር የምታህል ቆዳ ወስጄ ዕቃው ላይ በስሙ ፈንታ ቁጥር ጻፍኩ።

ፋሻ ለማስቀየር ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አንዴ ይበቃው ነበር፤ እኔም አልነገርኩት። መዋደዳችንን ለአለቃዬ ማሳወቅ ነበረብኝ፤ እሱንም አላደረግኩትም።

ከቆዳው ግንደ ሕዋስ ሠራን፤ ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ፣ የፈለግነውን ሊሆን የሚችል ሕዋስ ማለት ነው። ጡንቻ እንዲሆን ምግቡን በየሁለት ቀኑ እየቀየርኩ ጠበቅኩ። ከሳምንታት በኋላ ሕዋሶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ቀጫጭን ክር ሠሩ። በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ይኮማተራሉ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። በዚያው ሰሞን እኛም ለመጋባት ክፍል ተከራይተን ነበር።

ከዚያ ክሮቹ መበጣጠስ ጀመሩ፤ ልክ እንደ እህቱ። እጄ ተሳስቶ ነው ብዬ ከተቀመጠው ግንደ ሕዋስ እንደ አዲስ ጀመርኩ። እሱም ተበጣጠሰ። የዘር ምርመራውም በሽታው በእሱም ውስጥ እንዳለ አሳየ።

አለቃዬ ቅጹን አየና፣ አልፈልግም ስላለ ጉዳዩ እዚህ ያበቃል አለኝ። ለእሱ አበቃ። እኔ ግን እሁድ እሁድ ከቁጥሩ ባለቤት ጋር መጋረጃ እመርጣለሁ።

የክፍላችን መስኮት የተሰነጠቀ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰፊ መስታወት ይዞ መጣ። ከወለሉ ሲያነሳው ሳላስበው ሮጬ ሌላውን ጫፍ ያዝኩ።

ቀጥ አለ። መስታወቱን ቀስ ብሎ አወረደና በውስጡ አሻግሮ አየኝ።

«ከዚህ የሚበልጥ ስሸከም ስንቴ አይተሽኛል» አለ። «አንድም ቀን ይዘሽልኝ አታውቂም።»

ጫፉን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ከብዶህ መሰለኝ በይኝ። አምንሻለሁ፤ ሁለተኛም አልጠይቅሽም።»

ሁለት ቃል ብቻ ነበር የለመነኝ። አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እህቱን በሽታው የጀመራት በሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እሱ ሠላሳ ሞልቶታል።

«አራት ዓመት ሳላውቅ እኖር ነበር» አለ። «ከአንቺ ጋር።»

አልሄድም፣ አልፈራም፣ እችላለሁ እያልኩ ለመንኩት። እስኪበቃኝ አስጨረሰኝ።

«ከእንግዲህ ብርጭቆ ባነሳ ፊቴን አታዪም፤ እጄን ነው የምታዪው» አለኝ። «እናቴ እህቴን የምታያት እንደዚያ ነው። አንቺ እንደዚያ እንድታዪኝ አልፈልግም።»

አላየውም ልለው ፈለግኩ። ግን እሱ ያንን ሲናገር እንኳ ዓይኔ እጁ ላይ ነበር።

መስታወቱን ብቻውን ገጠመው። የጣቶቼን አሻራ በጨርቅ ጠርጎ፣ ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ሦስት ዓመት ሆነው። ያን ቀን ሁለት ቃል መዋሸት አቅቶኝ አጣሁት። አሁን ሰዎች ስለ እሱ ሲጠይቁኝ ረስቼዋለሁ እላቸዋለሁ፤ አንድም ቀን አፌ አልተሳሰረም።