አንድ ስንዝር ጭቃ

ዶክተሩ ሞቶ የተገኘው በመኪናዋ ሆድ ሥር ነው። ካርቶን ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ፣ የመኪናዋ የኋላ ቀኝ ጎን ደረቱ ላይ አርፎበት ነበር። የያዛት የእጅ መብራት ከጎኑ ወድቃለች፤ እሱ ጠፍቶ እሷ ገና ትበራ ነበር።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ልትስም የደረሰች አረንጓዴ የስፖርት መኪና ናት። የሚስቱ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት ሚስትየዋ «ሐይቁ ዳር ደርሼ ልምጣ» ብላ በእሷ ወጣች። ዶክተሩ ከሥራ ሲመለስ ጋራዡ ውስጥ፣ መሪው ፊት ተቀምጣ፣ ልቧ ቆሞ አገኛት። ስልኩ ከበሩ ማዶ ነው፤ ባሏ ደግሞ የልብ ሐኪም ነው። ታዲያ ለምን አልደወለችም? ይህቺ ጥያቄ ሰውየውን አራት ዓመት ሙሉ ስትበላው ኖራለች። ጎረቤቶች እንደሚሉት መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና ብቻውን ያወራ ነበር። መልስ የሚሰጠው ሰው ያለ ይመስል፣ እየጠበቀ ያወራ ነበር ይላሉ።

በየዓመቱ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ የመኪናዋ ሆድ ይጸዳል። ሥራው የመካኒኩ ነው፤ አጭርና ደልደል ያለ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰፈሩ «ብሎን» የሚለው የዶክተሩ የልጅነት ጓደኛ። ብሎን ጎማዎቹን ይፈታል፣ መኪናዋን በአራት የብረት ማቆሚያ ላይ ይሰቅላታል፣ በሙቅ ውሃ ያጥባታል፣ ዝገት የጀመረውን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፣ እስክትደርቅ ሁለት ቀን ይጠብቃል፤ ከዚያ ፍሬኑንና የጭስ ማውጫ ማርሚታውን በጋዜጣ ሸፍኖ የዝገት መከላከያ ሰም ይረጫታል። የማይነካት አንዲት ቦታ ብቻ አለች። ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀርባ አንድ ስንዝር የምታህል የደረቀች ጭቃ ተለጥፋለች፤ ሚስትየዋ የመጨረሻ ቀን የነዳችበት መንገድ ጭቃ። ዶክተሩ አላስነካም ብሎ፣ በላይዋ ሰም እያስቀባ ጠብቋታል። ሰው ፎቶግራፍ ያስቀምጣል፤ እሱ ጭቃ አስቀመጠ።

የጣቢያው አዛዥ ጉዳዩን በአንድ ቃል ዘግቶታል፦ ቸልተኝነት። የኋላ ቀኝ ማቆሚያው በወጉ አልተቀመጠም፣ ተንሸራተተ፣ መኪናዋ ወደቀች። መካኒኩም አልተከራከረም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። «ያቆምኳት እኔ ነኝ። እሰሩኝ።»

ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ሲገኝ አዛዥ ደስ ይለዋል፤ ወረቀት ይቀንሳል። ነገር ግን ከበላይ የተላከችው መርማሪ አመሏ ሌላ ነው። መሥሪያ ቤቷ «እሜቴ ቆይ» ይላታል። ሁሉም ሰው ተነሥቶ ሊሄድ ሲል «ቆይ» ትላለች፤ ያኔ ምሳ እንዳለፈ ይታወቃል።

ጋራዡ ውስጥ መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው። መፍቻው፣ መዶሻው፣ መጋዙ፣ ሁሉም በቀይ ቀለም በተሳለ የራሱ ቅርጽ ላይ ተሰቅሏል።

«ይህ የማን ሥርዓት ነው፣ ጋሼ?»

«የሟች አባት ነው» አለ ብሎን። «እኔንም ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዕቃ ቦታው ሳይመለስ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ለልጆቻቸውም፣ ለኛም።»

«ያን ቀን ምን ሆነ?»

«ሰሙን ረጨሁ። እስኪጠጥር ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ስመለስ እግሩን አየሁት። ሮጬ ክሪኩን አመጣሁ፤ አነሣኋት፤ ጎተትኩት። ምን ዋጋ አለው፤ አልቋል።»

«ቆይ። ክሪኩን ከየት አመጡት?»

«ከቦታው። ከግድግዳው ላይ ነዋ።»

«መኪናዋን በየት በኩል አነሡ?»

«በጎን። ከበሩ ሥር።»

መርማሪዋ ጃኬቷን አወለቀች። አዛዡ መኪናዋን በጣቢያው የእንጨት ግንድ አስደግፏት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ መርማሪዋ ካርቶኑ ላይ ስትተኛ ፊቱ ተለዋወጠ። «ኧረ ይተዉ፣ እኔ ሰው እልካለሁ» አላት።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለችና ገባች።

ከሥር ሲያዩዋት መኪናዋ ሌላ ናት። ቧንቧው፣ ብረቱ፣ መጋጠሚያው ሁሉ በቀጭን ወርቃማ ሰም ተለብጦ፣ አንድም ቦታ አቧራ የለም። አንድ ሰው በሌለች ሴት መኪና ሆድ ላይ ይህን ያህል ዓመት እጁን ሲያሳልፍ መኖሩ መርማሪዋን ቀዘቀዛት። ሰሙ ላይ ሁለት ክብ የክሪክ ምልክት አለ፤ አንዱ ከበሩ ሥር፣ ሌላው ከኋላ መካከለኛው ብረት ላይ። ከቀኝ ጎማው ጀርባ ደግሞ ጭቃ የለም። በእሷ ቦታ በብሩሽ የተለቀለቀ፣ እንደ ወተት የነጣ ሰም አለ። መርማሪዋ በመርፌ ጫፍ ከብረቱ መጋጠሚያ ጥቂት ፍርፋሪ አወጣች፤ ጭቃ ናት፣ ነጭ ጭቃ።

«ጋሼ፣ ሰም እንደ ወተት የሚነጣው መቼ ነው?» አለች እዚያው ተኝታ።

«እርጥብ ብረት ላይ ሲቀባ። ውሃው ይታፈንና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከዚያ ባይቀባ ይሻላል።»

«ሲሄዱ ጭቃዋ ነበረች?»

«ነበረች እንጂ። እንዲያውም ጠዋት ዶክተሩ በላይዋ ያለውን ሰም በጥፍሩ ጫር አደረገና ‹ሐይቁ ዳር ያለው ጭቃ ምን ዓይነት ነው?› አለኝ። ‹ጥቁር ነዋ› አልኩት። ስልክ ልደውል ብሎ ወደ ቤት ገባ።»

«ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥሯ አይተዋል?»

«እኔ?» አለ ብሎን። «እኔ ሁለተኛ መኪና ሥር አልገባም። ሰውም ባቆምኩት መኪና ሥር አይገባም። በቃ።»

የዶክተሩ አንድያ ልጅ ፋርማሲ አላት። መርማሪዋ ስትገባ የመድኃኒት ካርቶን እየቆጠረች ነበር፤ ቁጥሩ እየጠፋባት ደግማ ትጀምራለች።

«ያቺን ብረት ድሮም አልወዳትም» አለች። «እናቴን በላች፣ አባቴን ደገመች። ጋራዡ ውስጥ እግሬን ካስገባሁ አራት ዓመቴ ነው።»

«አባትሽ ሰሞኑን ተለውጦ ነበር?»

ልጅቷ ካርቶኑን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ የለወጥኩት። ለአራት ዓመት ያፈንኩትን ነገር ባለፈው እሑድ ነገርኩት። እናቴ አጭር ናት፤ ወንበሩን እስከ መሪው ድረስ ስባ ነው የምትነዳው። ያን ቀን ሲያወጧት ግን ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ነበር። እግሯ ፔዳሉ ጋ አይደርስም ነበር። በህልሜ ሁሌ እሱን ነው የማየው፣ ተንጠልጥሎ።»

«አባትሽ ምን አለ?»

«ተነሥቶ ጋራዥ ገባ። ከፈለጋችሁ ያቺን ጭቃዋንም ወስዳችሁ መርምሯት፤ እዚያው ተለጥፋላችኋለች።»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ፤ ይህቺን ቃል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈቻት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከከተማው ዳር ኖራ ያስቆፍራል፣ ያቃጥላል፣ ይሸጣል። ግቢው ውስጥ ዛፉም ውሻውም ነጭ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ብዛት አብጧል፤ ለቅሶውም የውሸት አልነበረም።

«እስከ ለቅሶው እዚያ ቤት ከረገጥኩ ወራት አልፈው ነበር» አላት። «ምን ላድርግ፣ ሥራው አያፈናፍንም። ስልክ ግን እንደዋወል ነበር።»

«ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ከሞተች ሴት ጋር የሚኖር ሰው ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ተጽናንቶ ነበር መሰለኝ። ያቺን ጭቃ ሳይቀር ጠርጎ ጥሏት ነው የሞተው። እሷን ተሰናበታት ማለት ነው፤ እኔ እንዲያ ብዬ ነው የምጽናናው።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች መርማሪዋ፣ ከልቧ። ስትወጣ ከጫማዋ ሥር የተለጠፈውን ጭቃ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ የብሎንን የእምነት ቃል ይዞ መጥቷል። ብሎን በሩ አጠገብ፣ ልጅቷ ከበሩ ውጭ ቆሙ፤ አጎቷ ብቻ ወንበር ተሰጠው።

«መጀመሪያ ክሪኩ» አለች መርማሪዋ። «ጋሼ ሰሙን የረጩት ክሪኩን ግድግዳ ላይ ከሰቀሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰሙ ላይ ያለ የክሪክ ምልክት ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። አንዱ የጋሼ ነው፤ ጓደኛቸውን ሊያወጡ በጎን ሲያነሡ። ሁለተኛውስ? ከኋላ መካከል ያለው የማን ነው?»

«የኔ አይደለም» አለ ብሎን ቀስ ብሎ።

«አይደለም። ሌላ ሰው አንሥቷታል። ማቆሚያውን አውጥቷል፤ ክሪኩንም ለቋል። ማቆሚያው አልተንሸራተተም፤ ጋሼ እንዳስቀመጡት ነበር።»

አዛዡ ወረቀቱን አጠፈ። «ዶክተሩ ራሳቸው አንሥተዋት ቢሆንስ?»

«ጋሼ ሲደርሱ ክሪኩ ግድግዳ ላይ ነበር። ደረቱ የተደፈጠጠ ሰው ተነሥቶ ክሪክ አይሰቅልም። የሰቀለው ገዳዩ ነው። ለምን? ሳያስበው ነው። እጁ ከልጅነቱ ለምዷል፤ ዕቃ ቦታው ሳይመለስ ምሳ የለም። በዚያ ሥርዓት ካደጉት በሕይወት ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም እዚህ አሉ።»

ወንድምየው ወደ ብሎን ዞረ። ብሎን መሬት መሬት ያያል።

«ቀጥሎ ጭቃዋ። ገዳዩ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ አነሣት፤ የተራቆተው ብረት እንዳይታወቅ ሰም ቀባበት። ግን እስኪደርቅ አልጠበቀም፤ ሰሙ ነጣ። ለአንዲት መኪና ሁለት ቀን ሙሉ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ አይሠራም። ጭቃዋ መነሣቷንም ማንም አላወቀም፤ ጋሼ ከሥሯ አላዩም፣ ልጅቷ እስከ ትናንት አለች ብላ ታምን ነበር፣ ጋራዡም ታሽጎ ነው የሰነበተው። አንድ ሰው ብቻ ‹ጭቃዋን ሳይቀር ጠርጎ ጥሏት ነው የሞተው› አለኝ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወንድምየው አፉን በእጁ ነካው። «ልጅቷ ነግራኝ ይሆናል» አለ።

«እኔ መነሣቷን የሰማሁት ዛሬ ነው፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ። ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፉን አለፈች።

«የተነሣችው ደግሞ ነጭ ስለሆነች ነው» አለች መርማሪዋ፣ ሁለት ብልቃጥ ጎን ለጎን እያስቀመጠች። «ይህ ከመኪናዋ መጋጠሚያ፤ ይህ ከእርስዎ ግቢ፣ ከጫማዬ ሥር። ሐይቁ ዳር ያለው ጥቁር ነው። ዶክተሩ ስለ ወንበሩ ሲሰማ መኪናዋን ሌላ ሰው እንደነዳት ገባው። ከየት እንደመጣች ደግሞ ጭቃዋ ነገረችው። ያን ቀን ጠርቶዎታል።»

ወንድምየው ከወንበሩ ተነሣ። ሲናገር የሚያየው ልጅቷን ሳይሆን የመኪናዋን መሪ ነበር።

«እኔ ጋ ነበር የመጣችው። ለምን እንደመጣች አትጠይቁኝ። ልትሄድ ስትል ‹ደረቴን› አለች። እኔ ነዳሁ። ቤት ስንደርስ አትተነፍስም። መሪው ፊት አዛወርኳትና በጓሮ ወጣሁ፤ ወንበሩ ትዝ አላለኝም።»

«ሆስፒታሉ በመንገድህ ላይ ነበር» አለች ልጅቷ።

«ነበር።»

«አባቴ ተረኛ ነበር።»

«እሱ ስለነበረ ነው ያልቆምኩት» አለ። «ምን ብዬ ነው የምሰጠው? ከየት አመጣኋት ልበለው? በቀደም ሲጠራኝ ‹ግባና እያት፣ ይህቺን ነጭ ጭቃ› አለኝ። ‹ለሁለት ትጠበናለች፣ ትንሽ ላንሣት› አልኩት። ‹አንሣት› አለኝ። ወንድሜ ነው፤ አመነኝ።»

አዛዡ ደጅ የቆሙትን ፖሊሶች ጠራ። ፖሊሶቹ ወሰዱት፤ ሲወጣ ልጅቷ ፊቷን አላዞረችም፣ እስከ በሩ ድረስ አየችው።

አዛዡ የእምነት ቃሉን ቀደደ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ነፃ ነዎት። ግንዶቹን ግን ጣቢያው ይፈልጋቸዋል፤ መኪናዋን በራስዎ ማቆሚያ ያድርጉልን።»

ብሎን አልተንቀሳቀሰም። «ነፃ ነህ ይሉኛል» አለ መርማሪዋን። «ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛልም። እጄ ግን አላመነም።»

«ቀስ ብለው ይሥሩት» አለች እሜቴ ቆይ። «እኔ አልቸኩልም።»

ክሪኩን አስገባ፣ አነሣ፣ ማቆሚያውን አስቀመጠ። አየው፣ አወጣው፣ ደግሞ አስቀመጠው። በሁለት እጁ ገፋው፤ በትከሻው ገፋው። ግንዶቹን አንድ በአንድ አወጣ። መኪናዋ ቆመች፤ ሰውየው ግን አሁንም ማቆሚያውን ይዞ ተንበርክኮ ቀረ፣ ቢለቀው የምትወድቅ ይመስል።

ልጅቷ ነጭ ጋውኗን አወለቀች። አባቷ የሞተበትን ካርቶን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ባዶው መሬት ላይ በጀርባዋ ተኛችና በቀኝ ጎማው ቦታ በኩል ተንሸራትታ ገባች።

«ልጄ፣ ውጪ» አለ ብሎን። «በናትሽ ውጪ።»

«አንተ አይደለህ ያቆምካት፣ ጋሼ?» አለች ከሥር። «አትወድቅብኝም። ይህ የነጣው ተፍቆ መድረቅ አለበት፤ ብረቱ ከውስጥ እየተበላ ነው። እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም፤ ናና አሳየኝ።»

ብሎን አለቀሰ፤ ሰው ያየዋል ብሎም አልተሸፈነም። ከዚያ ማቆሚያውን ለቀቀ፣ የቱታውን እጅጌ ሰበሰበ፣ ከጎኗ ተኝቶ ገባ።