ወንፊት ያላሳለፈችው ሽሮፕ

ለሚያስል ልጃችሁ ሽሮፕ ስትገዙ፣ ጠርሙሱ እጃችሁ እንዲገባ የማን እናት እንደተገደለች ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። የምትጠይቁት ይጣፍጥ እንደሆነ ነው።

ሟቿ የተገኘችው በመድኃኒት ፋብሪካው የኬሚካል ማከማቻ ውስጥ ነው፤ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣ በጎኗ ወድቃ። አየር ማውጫው ጠፍቷል። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ማሟሚያ ፈሳሽ ተንኖ ሽታው ብቻ ቀርቷል። ከክንዷ አጠገብ በከፊል የጎደለ ጠርሙስ ቆሟል፤ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተገጥሟል። ያገኛት ጥበቃ ሽታው ስለመለሰው ከደጃፉ አላለፈም። መርማሪው ገብቶ አስከሬኑን ጥቂት፣ ጠርሙሱን ብዙ አየ።

ሴትየዋ ከላቦራቶሪ ወደ ቁጥጥር ክፍል የተዛወረች ናት። ድሮ መድኃኒቱን ትመረምር ነበር፤ በኋላ ግን ፋብሪካው ደንቡን ማክበሩን ሳታረጋግጥ ምንም አይወጣም ነበር። የድሮ ባልደረቦቿ «ወንፊት» አሏት። ለማመስገን እንዳይመስላችሁ። ከመሞቷ በፊት አንድ የልጆች ሽሮፕ እንዳይወጣ ይዛ፣ እንደገና ይመርመር ብላ ነበር፤ አስከሬኗ ሳይነሳ ግን ያው ሽሮፕ ተጭኖ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ አደጋ እንደሆነ ለመርማሪው ሊያስረዳው ሞከረ። ከላቦራቶሪው መንፈሷ እንዳልወጣ፣ ሰው በሌለበት እየገባች ትነካካ እንደነበር ነገረው።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለና ሳቀ።

ባሏ መምህር ነው። መርማሪው ጡት ያልጣለ ሕፃን እንደታቀፈ አገኘው። የመጨረሻውን ስታረግዝ ከኬሚካል እንድትርቅ፣ ማታም ቤቷ እንድትገኝ ለምኖ ሥራ እንዳስቀየራት ነገረው። አዲሱ ሥራ ግን ቤት ድረስ ተከትሏት መጣ፤ ተጣሉ። መጣላታቸውን አልደበቀም።

«ማከማቻው ትገባ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ። ያ ሽታ ልብሷ ላይ ካለ ልጇን አታቅፍም።»

መርማሪው ያነጋገራት ሦስተኛዋ ሰው የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ናት። ሁሉም «እትዬ» ይላታል። ሟቿን ጠብታ መለካት ያስተማረቻት እሷ ነች። እንባ አልነበራትም፤ ቂም ግን ነበራት።

«ስታረግዝ አዘንኩላት፤ ወንበር አገኘች ብዬ ደስ አለኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እኔን ትጠረጥር ጀመር። ያጠባኋት ልጅ ጡቴን ነከሰችኝ።»

በማግስቱ መርማሪው ሦስቱን ከሠራተኛው ጋር ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበ። መስኮቶቹን አስከፈተና ከዚያው ማሟሚያ ጥቂት የያዘ ጠርሙስ ክዳኑን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ጠረጴዛውን ከበው እንዲቀመጡ ጠየቃቸው።

«በዚህ ትነት ታፍኖ የወደቀ ሰው ጠርሙስ አይከድንም» ብሎ ጀመረ። «ስለዚህ ከወደቀች በኋላ ሰው ገብቷል። አደጋ የሚለውን እንተወው።»

ቀጥሎ ማከማቻው እንዴት እንደገባች ጠየቀ። ለልጇ ብላ የሸሸችው ክፍል ነው፤ በገዛ ፈቃዷ አትገባም። ሽሮፑን እንደገና አስመረምራለሁ ብላ ነበርና፣ ናሙናው እዚያ ነው ያላት ሰው አለ። ባሏ ስለ ናሙና አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ናሙና ልስጥሽ ቢላት ትስቅበት ነበር። የምታምነው ሰው መሆን አለበት። ይህ ሰው ከመደርደሪያው ጥግ ሰደዳት፣ አየር ማውጫውን አጠፋ፣ ፈሳሹን ከኋላዋ ደፍቶ በሩን ዘጋ። ጸጥ ስትል ተመልሶ ጠርሙሱን አጠገቧ አቆመ።

«ክፍት ቢተወው ኖሮ ሥራ አስኪያጁን አምኜ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ግን እጁ እምቢ አለው። ዕድሜ ልኩን ክፍት ጠርሙስ ሲያይ የሚከድን እጅ፣ ሰው ገድሎም ይከድናል።»

ወደ ጠርሙሱ አመለከተ። ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ተመለከተ። ጠርሙሱ ተከድኗል፤ የእትዬ ጣቶች ገና ክዳኑ ላይ ናቸው።

እትዬ እጇን አላነሳችም።

«ክፍት የሚተው ሰው እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም» አለች። ከዚያ ያለ ለቅሶ ተናገረች፦ ሽሮፑ የተሠራበት ፈሳሽ የተበከለ ነበር፤ ኩላሊት ይገድላል። ንጹሕ ነው ብላ የፈረመችው እሷ ናት። እንደገና ቢመረመር ስሟ ይጠፋል። በሩ ሲንኳኳ ሰምታለች። ሟቿ የተጣራችው «እትዬ» እያለች ነበር።

ፖሊሶቹ ወሰዷት። ሥራ አስኪያጁ ኮቱን አስተካክሎ ተነሣና ጥፋተኛዋ ስለተገኘች ሁሉም ወደ ሥራው እንዲመለስ አዘዘ። ባልየው ሕፃኑን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆመበት።

«ጋሼ፣ አይውጡ» አለው። ከዚያ አክብሮቱን ተወው። «እትዬ ገድላለች፤ መኪና ግን አልጫነችም። ሚስቴ መሬት ላይ ተዘርግታ ሳለ ሽሮፑን ያስወጣኸው አንተ ነህ። ዛሬ ስንት ቤት ውስጥ በማንኪያ እየተለካ ነው። ለእኔ በጆሮዬ አትንገረኝ። እዚህ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፦ ወዴት ላክኸው? መልስ።»