የላይኛው ቦይ

ውሃው የአባቷን የሽመና ጉድጓድ ሞልቶ በረንዳው ላይ ተንጣልሏል። ዐፊፋ ተንበርክካ በቅል እየጨለፈች ወደ ውጭ ትደፋለች፤ የደፋችው ሁሉ ግን ዞሮ ይመለሳል። አባቷ ሲራጅ ከጉድጓዱ ዘለው ወጥተው፣ የተወጠረውን ድር በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«ቅሉን ተዪው። ያንን ጫፍ ያዢ» አሏት።

ያዘች። እናቷ ሸፊቃ ከጥር ጀምራ የፈተለችው ክር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ለሚደረገው የታላቅ እህቷ የፈቲያ ሠርግ ኩታ ሊሆን፣ ግማሹ ተሸምኖ ግማሹ ይቀር ነበር። አሁን ነጩ ድር እስከ መሐሉ ድረስ ቀይ አፈር መስሏል።

«ቦዩ አልቋል ብለሽኝ ነበር» አሉ አባቷ። አልጮኹም።

«አልቋል አባ። ወላሂ፣ ትናንት ጨርሰነዋል።»

ሲራጅ ቀና ብለው በላይ በኩል ያለውን አጥር አዩ። ድፍርሱ ውሃ በአጥሩ ሥር ሾልኮ በቀጥታ ወደ እነሱ ይወርዳል።

ቤታቸው ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ፣ ከአራዳ ገበያ ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። ከእነሱ በላይ፣ በአንድ አጥር ተለይተው፣ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡት ወይዘሮ ሙሉነሽና ልጃቸው እፀገነት ይኖራሉ። በየክረምቱ ጎርፉ ከገበያው ወርዶ ሁለቱንም ግቢ ያጥባል። ዘንድሮ ግን ግንቦት ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች ተማክረው፣ ከላይኛው ግቢ ጫፍ ተነስቶ በሁለቱም ግቢ ዳር እስከ ወንዙ የሚዘልቅ አንድ ቦይ እንዲቆፈር ተስማሙ።

ሥራው ለሁሉም ደረሰ። ሲራጅ የበረንዳውን ሣር ክዳን አደሱ። ሸፊቃ የማድቤቱን ግድግዳ በጭቃና በጭድ መረገች፣ ማገዶውንም ከመሬት ከፍ አድርጋ ደረደረች። ወይዘሮ ሙሉነሽ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ዳስ ውስጥ ሰባቱን የጠላ ጋኖቻቸውን ጉልቻ ላይ አስቀመጡ። ቦዩን ሁለቱ ልጆች ተካፈሉት፤ የላዩን እፀገነት፣ የታቹን ዐፊፋ። ዶማው የሲራጅ ነው፤ ጠዋት ዐፊፋ ትቆፍርበታለች፣ ከሰዓት እፀገነት ትወስደዋለች።

«አንቺ የታች አገር ገዥ፣ እኔ የላይ አገር ገዥ» ትል ነበር እፀገነት ዶማውን ስትቀበላት። «ድንበር ላይ እንገናኛለን፤ ግብርሽን ይዘሽ ቅረቢ።»

ዐፊፋ በዚህ በሳቀች ቁጥር የእጇን ውሃ መቋጠር ትረሳለች። እፀገነት በአንድ ዓመት ትበልጣታለች። ምላሷ ፈጣን ነው፤ ጠላ ሊጠጡ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች እንኳ አይችሏትም። ዐፊፋ ከእሷ ጋር ስትሆን እሷም ፈጣን የሆነች ይመስላታል። አንድ ቀን ከሰዓት ዶማውን ጥለው ወደ ገበያው ወጡና፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ከሸክላ ማጫወቻ የሚወጣ ዘፈን ሲሰሙ ዋሉ። ሐሳቡ የእፀገነት ነበር። «በእኔና በአንቺ መሐል ይቅር» ተባብለው ተመለሱ።

ከትናንት ወዲያ እፀገነት «ጨረስኩ» ብላ መጣች። «ዶሮዎቹ እንዳይገቡበት መጨረሻውን በቅጠል ሸፍኜዋለሁ።» ዐፊፋ ሄዳ አላየችም። በማግስቱ የራሷን ድርሻ ጨርሳ ዶማውን ለእፀገነት ሰጠቻት፤ የዳሱን ዙሪያ አስተካክልበታለሁ ስላለቻት ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ዐፊፋ ወደ አጥሩ ሮጠች። ሦስት የአጥር እንጨቶች ተነቅለው በአንድ በኩል ተጋድመዋል። ከሥራቸው ያለው አፈር አንድ ክንድ ያህል ተቆርጧል፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ የዶማው ስለት አሻራ ገና ይታይበታል። ጎርፍ ደግሞ እንጨት ነቅሎ አይደረድርም።

እፀገነት ከአጥሩ ማዶ ቆማ ነበር። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«ይህን ማን ቆረጠው?» አለች ዐፊፋ።

«ጎርፉ ነዋ።»

«እፀገነት።»

«ጎርፉ ነው አልኩሽ እኮ።»

በዚህ መሐል ሲራጅ ከኋላ ደረሱ። ወይዘሮ ሙሉነሽም ነጠላቸውን እያጣፉ ከዳሱ ወጡ።

«ውሃው ከላይ ነው የመጣው፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ» አሉ ሲራጅ። «የፈቲያን ኩታ አበላሸብን። ቦዩ ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ልጃቸውን አዩ።

«እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ ጋሽ ሲራጅ» አለች። «ዐፊፋ ናት የታቹን በደንብ ያልቆፈረችው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ተመለሰ። እንኳን ልትቆፍር፣ ባለፈው ሙሉ ከሰዓት አራዳ ቆማ ሸክላ ስትሰማ ነው የዋለችው።»

ዐፊፋ የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ጓደኛዋ አሁን ትስቃለች፣ «አብረን ነው የሄድነው» ትላለች ብላ ጠበቀች። እፀገነት የራሷን እግር ታይ ነበር።

«እውነት ነው?» አሉ አባቷ። «አራዳ ሄደሽ ነበር?»

«ሄጃለሁ አባ፤ ግን…»

«እሺ» አሉ ሲራጅ።

ከዚያም ወደ ቤት ተመለሱ። ያቺ «እሺ» ከጥፊ ይልቅ አመመቻት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል ዳግም ጠቆረ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ጌሾ ሊገዙ ገበያ ወጥተዋል። አባቷ በረንዳው ላይ የተበላሸውን ክር ከደህናው ይለያሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ አላናገሯትም። ዐፊፋ በአጥሩ አልፋ፣ እነ እፀገነት ደጃፍ ላይ ተደግፎ የቆመውን ዶማ ማንንም ሳትጠይቅ አነሳች።

መጀመሪያ ያሰበችው የተቆረጠውን መድፈን ነበር። እንጨቶቹን መልሳ ተከለች፣ ድንጋይ ደረደረች፣ በጭቃ መረገች። ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ጥያቄ መጣባት፤ ውሃው ለምን በቦዩ አልሄደም? ከአጥሩ ሦስት እርምጃ ወደ ላይ ወጥታ የረጠበውን ቅጠል ገለጠች።

ከሥሩ እንደ በሬ ጀርባ የሰፋ ቋጥኝ ተጋድሟል። ቦዩ እዚያ ደርሶ ቆሟል። ከቋጥኙ ወዲህ አንድ ዶማ እንኳ አላረፈም። ከጎኑ ደግሞ ዳሱ አለ፣ ውስጡ ሰባቱ ጋኖች። አጥሩ ከተደፈነ የዛሬው ጎርፍ በቀጥታ እነሱ ላይ ነው የሚገባው።

«ይግባ» ብላ አሰበች ዐፊፋ። ቃሉ ጣፈጣት። የመጨረሻውን ድንጋይ አንስታ ቦታው ላይ አስቀመጠች።

«ዐፊፋ፣ እባክሽ።»

እፀገነት ከዳሱ አፍ ቆማ ነበር።

«ቋጥኙን ስታገኚ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ዐፊፋ ዞር ሳትል።

«ሰነፍ እንዳትዪኝ ነዋ። ነገ እፈነቅለዋለሁ፣ ነገ እፈነቅለዋለሁ ስል ዝናቡ ቀደመኝ። ጋኖቹ ሊዋጡ ነበር። እማዬ ከእነሱ ሌላ ምን አላት?»

«ወደ እኛ እንደሚወርድ እያወቅሽ ቆረጥሽው። በአባቴ ዶማ።»

«በረንዳችሁ ከፍ ያለ ነው፣ አይደርስም ብዬ ነበር።»

«አራዳስ የሄድኩት ብቻዬን ነው?»

እፀገነት ፊቷን ወደ ጋኖቹ አዞረች። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ ዐፊፋ አላወቀችም።

«ለአባቴ ንገሪልኝ» አለች። «አሁን፣ እናትሽ ሳይመጡ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እፀገነት እናቷ የሚመጡበትን መንገድ አየች፣ ቀጥሎም ሰማዩን። «እማዬ ከሰማች አትለቀኝም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ክረምቱ ይለፍ፣ እነግራቸዋለሁ።»

ዐፊፋ ዳሱ ውስጥ የተደረደሩትን ጋኖች አየች። ከዚያ የመጨረሻውን ድንጋይ መልሳ አነሳች፣ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። አጥሩን ዳግም ከፍታ ወደ ራሷ ግቢ ተሻገረች። ውሃው ከተከፈተው ቦታ ወደ ጎን ተመርቶ እስከ ራሷ ቦይ ለመድረስ ስምንት እርምጃ ይቀረዋል። በመሐል ያለው የእናቷ የጎመን መደብ ነው፤ ችግኙ ገና ሁለት ጣት አይሞላም። ዶማውን አነሳችና መደቡ ላይ አሳረፈችው።

ሸፊቃ ከማድቤት ወጥታ አየቻት። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ወዲያው አጥሩን፣ ከዚያም ደመናውን አየች። መጥታ ከዶማው ፊት ፊት ችግኞቹን ከነአፈራቸው እየነቀለች ሰፌድ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች።

እፀገነት በተከፈተው በኩል መጣች። «አምጪ፣ ልቀበልሽ» ብላ እጇን ዘረጋች።

«አይ» አለች ዐፊፋ። መቆፈሯን ቀጠለች። እፀገነት እጇን እንደዘረጋች ትንሽ ቆማ ወደ ላይ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ሁለት እርምጃ ይቀር ነበር። ዝናቡ ሲጠነክር አንድ። ዐፊፋ የመጨረሻውን አፈር በእጇ ጠረገችው። ውሃው ከቋጥኙ ዞሮ በአጥሩ ሥር ገባ፣ የጎመኑን መደብ ሰንጥቆ እሷ በቆፈረችው ቦይ ወደ ወንዙ ወረደ። በረንዳው ደረቅ ነበር። የላይኛው ዳስም እንደዚያው።

ሲራጅ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዝናቡ ውስጥ ወደ አጥሩ ወጡ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዐፊፋ በረንዳው ጫፍ ላይ እግሯን ታጥብ ነበር።

«ያንን ቋጥኝ በቅጠል የሸፈነው ማን ነው?» አሏት።

ከትናንት ጀምራ የጠበቀችው ጥያቄ ነበር። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«የሸፈነችው ራሷ ትንገርዎት አባ» አለች። «እኔ አልናገርባትም። አልዋሽላትምም። አራዳ ግን ብቻዬን አልሄድኩም።»

ሲራጅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትናንት ቃልሽን ሳትጨርሺ ነው የሄድኩት» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ ድሩ አጠገብ ተቀምጠው ጎናቸው ቦታ ሰጧት። ከድሩ መሐል ደህና ክር እያወጡ፣ ከተቆረጠው ጋር ማያያዝ ጀምረው ነበር። ኩታው ጠበብ ይል ይሆናል እንጂ ለሠርጉ ይደርሳል አሉ።

አመሻሽ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«ዐፊፋ።»

በየቀኑ በዚህ ሰዓት ትጠራታለች። በየቀኑም ዐፊፋ የያዘችውን ጥላ ትሮጥ ነበር።

«ዐፊፋ፣ አንዴ ነይ።»

ሲራጅ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ዐፊፋ የያዘችውን ክር ጫፍና ጫፍ አገጣጥማ ቋጠረች፣ መጥበቁን ሳብ አድርጋ አየች።

«ቀጣዩን ይስጡኝ» አለች።