ያልተጠጣው የዘሊንዳ ሻይ

ኮራዲኖ ማንቺኒ የቤፋና በዓል ዋዜማ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በቲያትር ቤታችን የልብስ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ሊጠግናቸው የጀመራቸው መጥረጊያዎች ተበትነዋል፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ኩባያ የቅጠል ሻይ አለ። የማን ሻይ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። በከተማችን ቅጠል ቀምማ የምትሸጠው ዘሊንዳ ብቻ ናት፤ በዓሉ በመጣ ቁጥርም በመጥረጊያ ትበራለች የምትባለውን የተረት ጠንቋይ የቤፋናን ቀሚስ ለብሳ ለልጆች ከረሜላ የምታድለው እሷው ናት። «ጠንቋይዋ» እያልን ስንስቅ ኖረን፣ የዚያን ቀን ግን ስሙን ያለ ሳቅ ጠራነው።

ኢንስፔክተር ቴክላ ብራንካቲ የተጠራችው ሻንጣዋን ዘግታ፣ ባሪ ከተማ ወዳለችው እህቷ ልትሄድ ጫማዋን ስታስር ነው። «አምና በጎርፍ ቀረሁ፣ ካቻምና በሌባ፣ ዘንድሮ ደግሞ በጠንቋይ!» እያለች በበረዶው መጣች። ሐኪሙ ደግሞ መንገድ ተዘግቶበት ተራራው ላይ ቀርቷል።

መጀመሪያ ያየችው የሟቹን ፊት ነው፤ ወይን እንደጠጣ ሰው ቀልቷል። ኩባያው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። መስኮቱ ተበርግዷል። ጥግ ያለው የከሰል ምድጃ ገና ሞቅ ይላል። ግድግዳው ላይ ስምንት የቤፋና ቀሚሶች ተሰቅለዋል፤ ሰባቱ ጀርባቸው ላይ ጉብጠት የሚሠራ ትራስ አለ፣ ስምንተኛው ልሙጥ ነው።

«ማነው ያገኘው?»

«እኔ» አለ ፋርማሲስቱ ኤጂዲዮ፣ የበዓሉ ኮሚቴ ጸሐፊ። «መርዝ ነው። ኮራዲኖ ልጄን ለዘሊንዳ አልድርም ብሎ ሦስት ዓመት ሙሉ እንቢ እንዳላት አገር ያውቃል።»

«መርምረኸው ነው?»

«ጠንቋይ ያፈላችው ሻይ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

ዘሊንዳ ከልምምድ ተጠርታ መጣች። በበዓሉ እንደሚሳተፉት ሁሉ ፊቷን ጥላሸት ተቀብታለች፤ እንባዋ በጥቁሩ መሃል ሁለት መንገድ አውጥቷል።

«ሻዩን ያፈላሁት ለልጁ ለኦታቪዮ ነው። ዛሬ መጥረጊያ ጠጋኙ እሱ ነበር፤ ሰባት ሰዓት ላይ አስቀምጬለት ሄድኩ» አለች። ከዚያ የሆነ ነገር ታሰባትና ደነገጠች። «የለም፣ እኔ ነኝ የገደልኩት። ይጻፉት።»

«በምን ገደልሽው?»

«በቅጠል።»

«በየትኛው ቅጠል?»

«በሚገድለው ነዋ!»

የሟቹ ልጅ ኦታቪዮ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ፣ «እሷን ይተዉዋት፤ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት የት ነበርክ?»

«አልናገርም።»

«ገደልኩ ማለት ሳያሳፍርህ የት እንደነበርክ መናገር አሳፈረህ?»

ብራንካቲ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ስንት ሌባ መርምሬያለሁ፤ ሁሉም አልሰረቅንም እያሉ ነው ያደረቁኝ። እናንተ ደግሞ ገደልን እያላችሁ ልትጨርሱኝ ነው!»

ከልብስ ክፍሉ ትይዩ ባለው ክፍል ቀሚስ ስትተኩስ የዋለችው አሮጊቷ ልብስ ሰፊ ኒቬስ ብቻ ናት ረጋ ብላ የተቀመጠችው።

«እማማ ኒቬስ፣ ኤጂዲዮ ሲገባ አይተውታል?»

«በሬ ክፍት ነው ልጄ፣ እንዴት አላየው! በረጅሙ አየር ሳበና እየሮጠ ገባ። መስኮቱን በርግዶ እየሮጠ ወጣ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ተነፈሰ።»

«ኮራዲኖን ሳያነሳው?»

«ዞር ብሎም አላየው። ኋላ ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ነው ‹ሞቷል!› ብሎ የጮኸው። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ።»

«እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም አፉን ሞልቶ ጠንቋይ፣ ጠንቋይ ይላል!»

ብራንካቲ በጓሮ በር ወጥታ፣ እስከ ጉልበቷ በበረዶ እየሰመጠች ከመስኮቱ ሥር ስትቆፍር ቆየች። ስትመለስ ካልሲዋ ርሷል፣ ፊቷ ጠቁሯል። ሐኪሙ በመጨረሻ ደርሶ አስከሬኑን እንዳየ፣ ሁሉንም በቲያትር ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ሻዩ አልተጠጣም፤ ኩባያው ሙሉ ነው። ስለዚህ የቅጠሉን ወሬ ተዉት» አለች። «የሟቹን ፊት ያቀላው ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ነው፤ ሐኪሙም ይህንኑ ይላል። ጋዙ ክፍሉን የሚሞላው ደግሞ የጭሱ መውጫ ሲደፈን ነው። እኔ ስገባ ግን መውጫው ክፍት ነበር። አንድ ሰው ደፍኖት ነበር፤ አንድ ሰው ከፈተው።»

በጥላሸት የጠቆረ ትራስ ከበረዶው እያራገፈች ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

«መድፈኛው ይኸው። ከስምንተኛው ቀሚስ ጀርባ የተነሳ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር አገኘሁት። በሩን ዘግቶ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ የቆየው ኤጂዲዮ ነው። ሰው ወድቆ ያየ የወደቀውን ያነሳል፤ እሱ ትንፋሹን ይዞ ወደ መስኮት ሮጠ። አየሩ እንደሚገድል ማን ነገረው? ደግሞስ ከተማው ሁሉ ጥላሸት ተቀብቶ በሚስቅበት ቀን፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ ያነጻው ለምንድነው?»

«ኮራዲኖ ወዳጄ ነበር!» አለ ኤጂዲዮ።

«አውቃለሁ። የሥራ ድልድሉን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ዛሬ ለዚያ ክፍል የመደብከው ኦታቪዮን ነው። አገር እንደሚያውቀው፣ ዘሊንዳን ሁለት ጊዜ አግቢኝ ብለሃት ሁለት ጊዜ እንቢ ብላሃለች።»

«ሽማግሌው እዚያ ምን አስገባው?» ብሎ ጮኸ ኤጂዲዮ። ከዚያ ቃሉ ለራሱም ተሰማውና ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

ፖሊሶች ወሰዱት። ብራንካቲ ወደ ኦታቪዮ ዞረች። «አሁንስ ትናገራለህ ወይስ በጉልበት ላናግርህ?»

ኦታቪዮ ከኪሱ ትንሽ ሣጥን አወጣ። «ምሳ ላይ አባቴ፣ ‹አንተ ልጅ፣ ሦስት ዓመት አደረቅከኝ። ሂድ የዘሊንዳን ቀለበት ገዝተህ ና፣ መጥረጊያውን እኔ እሠራልሃለሁ› አለኝ» አለና ወደ ዘሊንዳ ዞረ። «ነገ በሰው ፊት ራሱ ሊነግርሽ ፈልጎ፣ ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኝ ነበር።»

ዘሊንዳ አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ እኮ አንተ የገደልከው መስሎኝ ነው።»

«እኔም አንቺ መስለሽኝ።»

«ሦስት ዓመት ተዋዳችሁ አንዲት ጥያቄ መጠያየቅ ያቅታችሁ?» አለች ብራንካቲ።

ኦታቪዮ ሣጥኑን ዘረጋላት። ዘሊንዳ መልሳ ጣቶቹን በላዩ አጠፈቻቸው።

«ይቆይ። ተነስ፤ አባታችን ብርድ ላይ ነው፣ አንድ ነገር እናልብሰው።»