ከመዝገበ ቃላት ያልወጡ አምስት ቃላት

ቀለሜ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ከእናትና ከአባቷ ጋር ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ትኖራለች። ቀለሜ የቅጽል ስሟ ነው። በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ አባቷ ደግሞ ቀለም ቀቢ ናቸው። ታዲያ ሰፈሩ ሌላ ምን ብሎ ይጥራት?

አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ቀብተዋል። አንድን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው ብቻ ምን እንደጎደለው ይነግሯችኋል። ግን አንዱ ጉልበታቸው ያማቸዋል። መሰላል የሚወጡት ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። ማታ ሲመጡ ወደ ክፍላቸው የሚያወጡትን ጠባብ ደረጃዎች በየሦስቱ እያረፉ ይወጣሉ።

አንድ ቀን በሥራ ቦታቸው ደስ የሚል ወሬ ተሰማ። የቀለም ሥራ ተቆጣጣሪ ይፈለጋል ተባለ። ተቆጣጣሪ መሰላል አይወጣም። ከታች ቆሞ ያሳያል፣ ያርማል። መሐንዲሶቹ ግን የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተቆጣጣሪውም እንግሊዝኛ ሰምቶ መመለስ አለበት። ፈተናው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

«ቀለሜ፣» አሉ አባቷ፣ «አንቺ የኔታ ሁኚ፣ እኔ ተማሪ። በቀን አንድ ቃል ብትሰጪኝ በሁለት ወር ስንት ይሆናል?»

«ስልሳ ይሆናል አባዬ!»

«ስልሳ ቃል ይዤማ እንኳን መሐንዲስ ሚኒስትርም አነጋግራለሁ!»

ሦስቱም ሳቁ። እናቷ ሸሚዝ እየተኮሱ ነበር፤ በሳቅ መሃል እጅጌውን ሊያቃጥሉት ምንም አልቀራቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። አባቷ ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ወይም ሥራ ቦታ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ አንድ ቃል በብጣሽ ወረቀት ገልብጠው ይመጣሉ። ቀለሜ በማግስቱ በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ትገባለች፤ ትምህርት በሌለባቸው ቀናት የመጡትን ቃላት ሰኞ አንድ ላይ ትፈልጋለች። ትልቁን መዝገበ ቃላት ትገልጣለች። መጽሐፉ ከዚያ ክፍል አይወጣም፤ ስለዚህ እዚያው ቁጭ ብላ ትርጉሙን ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች። አባቷ ደግሞ ቃሉንና ትርጉሙን ገና ባልተቀባ ግድግዳ ላይ በብሩሽ በትልቁ ይጽፉታል። ወረቀቱን ቀደው ይጥሉታል። «ወረቀት ካስቀመጥኩ ራሴ ይሰንፍብኛል» ይላሉ። ከዚያ እየሠሩ ቃሉን ያዩታል፣ ያነበንቡታል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በቀለም ይሸፍኑታል።

«ይኸው ግድግዳው ረሳው፤ እኔ ግን አልረሳሁትም!» ይሏታል ማታ። እውነትም አይረሱም ነበር። የስንቱ ሰው ሳሎን ከቀለሙ ሥር እንግሊዝኛ ይዞ እንደቀረ አስቡት እንግዲህ!

ሃምሳ አምስት ቃል እንዲህ ተጠና።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ግን በትምህርት ቤቱ የገመድ ዝላይ ውድድር መጣ። ልምምዱ በእረፍት ሰዓት ሆነ። ቀለሜ በዝላይ የሚስተካከላት የለም። በዚያ ቀን ኪሷ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ በአባቷ ጎባጣ ጽሕፈት «ዳምፕ» የሚል ቃል ተጽፏል።

«ቀለሜ፣ ነይ እንጂ! ያላንቺ ልንሸነፍ ነው!» ብለው ጓደኞቿ ተጣሩ።

ቀለሜ የቤተ መጻሕፍቱን በር አየች። ገመዱንም አየች። «ሃምሳ አምስት ቃል ያወቅኩ ልጅ አንዱን መገመት ያቅተኛል?» አለች በልቧ። ደረቅ ግድግዳ ሲንኳኳ «ዳምፕ፣ ዳምፕ» የሚል መሰላት። ስለዚህ «ደረቅ» ብላ ጻፈችና ሮጠች።

ማታ አባቷ ወረቀቱን ተቀበሏት።

«ከመዝገበ ቃላቱ ነው አይደል የኔታ?»

«አዎ አባዬ» አለች።

አያችሁ ልጆች? ግምቱ ስንፍና ነበር። ይህች «አዎ» ግን ውሸት ናት። አንዴ ከወጣች በኋላ ደግሞ የሚቀጥለው ቀን ቀለላት። በዚያ ሳምንት አምስት ቃላት ከቀለሜ ራስ ወጡ እንጂ ከመዝገበ ቃላት አልወጡም። የዝላዩን ውድድር ግን የእሷ ክፍል አሸነፈ።

የፈተናው ቀን አባቷ የተተኮሰውን ሸሚዝ ለበሱ። ጫማቸውን ሁለቴ ወለወሉ። «ስልሳ!» ብለው ደረታቸውን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እንዴት ሆነልህ?» አሉ እናቷ።

«ጥሩ ጀምሬ ነበር። ብዙውን መለስኩ። ኋላ መሐንዲሱ ‹ግድግዳው ዳምፕ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?› አለኝ። እኔም ‹ወዲያው ቀለም እቀባዋለሁ› አልኩት። ሁሉም ተያዩ። ለመሐንዲሶቹ የሚያስተረጉመው ሰው ‹እንዴ! እርጥብ ግድግዳ ላይ ነው ቀለም የሚቀቡት?› ብሎ ሳቀ። ለካ ዳምፕ ማለት እርጥብ ነው። ከዚያ በኋላም ሌሎች ቃላት ተሳሳትኩ።»

እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ወር ሳይሞላው ይላጣል። ይህን ትናንት ሥራ የጀመረ ቀቢ እንኳ ያውቀዋል። አባቷ በሃያ ሁለት ዓመት አንዴም አድርገውት አያውቁም።

ቀለሜ አሁን እውነቱን ልትናገር ስትል አባቷ ቀደሟት።

«ልጄ በትክክል ጽፋልኝ ነበር። እኔ ነኝ ያዛባሁት። ራሴ ደንዝዟል መሰለኝ።»

ቀለሜ ዝም አለች። አይ ልጆች! ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ ምን ነበረበት?

ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። አባቷ እንደ ድሮው መሰላል መውጣት ቀጠሉ። ብጣሽ ወረቀት ይዘው መምጣታቸውን ግን ተዉ። አንድ ማታ ቀለሜ ፈራ ተባ እያለች «አባዬ፣ ዛሬ ቃል የለም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ተይው ልጄ። እንደኔ ላለው ሰው ቀለም እንጂ ቃል አልተፈጠረለትም።»

በጸሎት ጊዜ ስለ አባቷ ጉልበት ስትለምን ድምፅዋ ይቆረጥባት ጀመር። አፏ ላይ ያለውን ልቧ አልቀበል አላት። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቷ ከውጭ ገቡና አንድ አዲስ ደብተር ሰጧት። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ገጹ የሚያበራ ደብተር ነበር።

«ምንድን ነው አባዬ?»

«ለልፋትሽ ነው። ሁለት ወር እረፍትሽን ትተሽ ለኔ ስትደክሚ ከረምሽ። እኔ ደግሞ አሳፈርኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ በከንቱ አለፋሁሽ።»

ቀለሜ ይህን መቻል አቃታት። ደብተሩ ከእጇ ወደቀ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች።

«እኔ ነኝ አባዬ! የመጨረሻዎቹን አምስት ቃላት መዝገበ ቃላቱ ላይ አላየኋቸውም። ገመድ ልዘል ብዬ ነው። ከራሴ ነው የጻፍኳቸው። ዳምፕንም ደረቅ ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ!»

እናቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቀለሜ አባቷ እስኪቆጧት ጠበቀች። ቁጣውን እንደውም ፈልጋው ነበር።

አባቷ ግን ጣታቸውን እያጠፉ የሆነ ነገር ያሰሉ ጀመር።

«ሃምሳ አምስቱስ? እነሱ ትክክል ናቸው?»

«ትክክል ናቸው አባዬ። እምላለሁ፣ እነሱን አይቻቸዋለሁ።»

«ከሃምሳ አምስቱ የጠየቁኝን አንድም አልሳትኩም እኮ! አንድም! የሳትኩት…» አሉና ወደ እናቷ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሰማሽ አይደል? ታዲያ ደደብ አይደለሁማ!»

እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ቀለሜ ግን አባቷ እንደዚያ ሲደሰቱ ስታይ ከሁሉ የበለጠ አመማት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየመሰላሉ ላይ ሆነው ራሳቸውን ደደብ እያሉ ሲሰድቡ እንደከረሙ ያን ጊዜ ገባት።

ኋላ አባቷ ከመሬት አነሷትና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ቃሉን መገመትሽን ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት በቀስታ። «ግን ልጄ፣ በዚያ ቀን ራሴን ስሰድብ እየሰማሽ እንዴት ዝም አልሽኝ?»

ቀለሜ አንገቷን ደፍታ አባቷን አቀፈቻቸው።

ልጆቼ፣ የማታውቁትን ነገር «አላውቀውም» በሉ፤ ያጠፋችሁትንም ያመናችሁ ሰው በራሱ ላይ ሳያሳብብ በፊት ቶሎ ተናገሩ።